ዐሥራ አራት ዓመት ብቻ የኖረ ተማሪ ቤት



በዛሬው በዓላችን ስለ አንድ ሌላ ተማሪ ቤት እንናገራለን። ቫልተር ግሮፒየስ የተባለ የሕንፃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን አገር ባውሀውስን አቋቋመ። በዚያም ሥዕል ከአናጢነት፣ ከሽመናና ከብረት ሥራ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። በ1926 በደሳው ከተማ የተመረቀው ሕንፃው ጌጥ የለውም፤ ነገር ግን የእጅ ሥራ ክፍሎቹ ግድግዳ ሰፊ መስተዋት ስለ ሆነ ብርሃን ይሞላቸዋል።

ናዚዎች ሲያሳድዱት በ1933 በርሊን ላይ ተዘጋ። ትምህርቱ ግን አልሞተም፤ ግሮፒየስ በሃርቫርድ፣ የመጨረሻው ዲሬክተር ሚስ ቫን ደር ሮኸ በቺካጎ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

እኛስ? ዘንድሮ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። «ሸማኔ»፣ «ቀጥቃጭ» ማለት ግን ዛሬም በአንዳንዶቻችን አፍ ስድብ ነው። እርሳስ የጨበጠው እጃችን መዶሻ ለመጨበጥ ካፈረ፣ የተማሪ ቤታችን ዕድሜ መርዘሙ ምን ይጠቅማል?

እግዚአብሔር ተማሪ ቤታችንን ይባርክ።