ስለ አርማታ ጥንካሬ ቁጥር ምን ይነግረናል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሩቅ አገር ያለ አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። ከዚያ ተነሥቶ በቂርቆስ በኩል በእግሩ የሚሄድ ሰው የታጠረ ግንባታ፥ የተከመረ ጠጠርና የቆመ ፌሮ ሳያይ አያልፍም። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ገብቶ የሚኖርበት ሰው ሊያየው የማይችለው፥ ነገር ግን ሕይወቱን አምኖ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአርማታው ጥንካሬ ነው።

አርማታ ከተሞላ በኋላ ውስጡ አይታይም። ስለዚህ ከሚሞላው ላይ ጥቂት ተወስዶ፥ ጐኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ይጠቀጠቃል፤ ሲጠነክር ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያም በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል። ኪዩብ የምንለው ይህ ነው። ሲ-25 የሚባለው አርማታ ኪዩቡ 25 ሜጋ ፓስካል ሊችል ይገባዋል።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «አማካዩ 25 ነው» ብለን ተረድተን ነበር። ይህ ስሕተት ነው። አማካዩ 25 ቢሆን ኖሮ ከውጤቶቹ ግማሽ ያህሉ ከዚያ በታች በሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ 25ን የወሰደው እንደ ወለል ነው፤ ከመቶ ውጤቶች አምስት ያህሉ ብቻ ከሥሩ ሊገኙ ይችላሉ ተብሎ የተቆረጠ ወለል ነው። አማካዩም ከዚህ ወለል በላይ መሆን አለበት። በምን ያህል? በ1.64 ሲግማ ነው። ሲግማ ማለት ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት ልክ ነው።

እስቲ እናስላው። አሠራሩ የተዘበራረቀ ሆኖ ሲግማው 5 ቢሆን፥ አማካዩ 33.2 መድረስ አለበት። አሠራሩ ተስተካክሎ ሲግማው 3 ቢሆን ግን 29.9 ይበቃል። ወለሉ ያው 25 ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ሲሚንቶ ነው። እንግዲህ የሚዘበራረቅ ሠራተኛ ቅጣቱን በኩንታል ይከፍላል፤ ወይም አይከፍልም፥ ቤቱ ይከፍላል።

መዘበራረቁ ከየት ይመጣል? አሸዋና ጠጠር በእንጨት ሣጥን ሲለካ አንዱ ቁልል አድርጎ ይሞላል፥ ሌላው ጠርጎ ይሞላል። እርጥብ አሸዋ ስለሚያብጥ በአንድ ሣጥን የሚገባው አሸዋ ከደረቁ ያንሳል። ከሁሉም የሚከፋው አንዲት ባልዲ ውኃ ናት፤ አርማታው በቀላሉ እንዲፈስ ትጨመራለች፥ ጥንካሬውንም ይዛ ትሄዳለች።

በጥቂት ናሙና ስለ ብዙ ነገር መፍረድን ያስተማረን ሰው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ዊልያም ጎሴት በደብሊን በጊነስ ፋብሪካ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመውን ጽሑፍ በራሱ ስም አላወጣም፤ የፈረመው «ስቱደንት» ብሎ ነው፤ «ተማሪ» ማለት ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ ዋልተር ሼዋርት የመቆጣጠሪያውን ሠንጠረዥ አወጣ፤ መካከል አንድ መሥመር፥ ከላይና ከታች በሦስት ሲግማ ርቀት ሁለት መሥመሮች። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤድዋርድስ ዴሚንግ ይህን ትምህርት ለጃፓን መሐንዲሶችና ሥራ መሪዎች አስተማረ። በዚሁ መንገድ የበለጸገው የጃፓን ካይዘን ወደ እኛ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃይካ እርዳታ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ግቢን ማጽዳትና ዕቃን በየቦታው ማስቀመጥ መልካም መጀመሪያ ነው። ነገር ግን መሥመር ሳይሰመር፥ ቁጥር ሳይጻፍ፥ ትምህርቱ ተፈጸመ ሊባል አይችልም።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ከእኛ ጥቂቶቻችን ስሙን በማናነሣው አንድ ግንባታ ለልምምድ ገብተን ነበር። ኪዩብ የሚወሰድበት ሰዓት ሲደርስ ማደባለቂያው ይታጠባል፤ ሣጥኑ ተጠርጎ ይለካል፤ ውኃው ይቆጠባል። ተከትሎ የሚመጣው ግን እንደ ወትሮው ነው። በመዝገቡም ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ ከወለሉ ጥቂት አለፍ እያሉ ተሰልፈው ይታያሉ። በእጃችን የጻፍናቸው እኛ ነን፤ ዝምም አልን። ኪዩቡ በእርግጥ ያን ያህል ስለቻለ ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ኪዩቡ የዓምዱ ወኪል ነው መባሉ ነበር። በሣጥን በሚለካ ሥራ ውጤቶች ሁሉ ይህን ያህል መመሳሰላቸው ራሱ ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር፤ ስንማር ይህን ሰምተናል።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ለልምምድ ለሚወጡ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ናሙናው የሚወሰድበት ምድብ በዕጣ ይለይ፤ ዕጣውም ማደባለቂያው ከተነሣ በኋላ ይከፈት። ሁለተኛ፥ ውጤቱ ሁሉ፥ ክፉውም ደጉም፥ በተገኘበት ተራ ይመዝገብ፤ ደካማ ነው ተብሎ አንድም አይጣል። ሦስተኛ፥ የተጨመረው ውኃ በባልዲ ተቈጥሮ ይጻፍ። ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ ከልምምድ ስንመለስ ደካማ ቁጥር ይዞ የመጣውን ተማሪ ስለ ድካሙ አትቅጡት፤ ሁሉ ያለፈለትን ግን ጠይቁት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አርማታ ግን እያደር ይጠነክራል፤ የተሳሳተውን ከዚያ በኋላ ማረም አይቻልም። መናገር ያለብን ገና ርጥብ ሳለ ነው።