ኢዮቤልዩ የመመለስ በዓል ነው
በቤተ ክርስቲያናችን የ50ኛ ዓመት በዓል የተሰጠ ትምህርት



ለዚህ በዓል ያደረሰን እግዚአብሔር አምላካችን ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በዓላችን ኢዮቤልዩ ይባላልና አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ በኢዮቤልዩ ዓመት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ፥ ስለ ድኽነቱ ራሱን የሸጠውም እስራኤላዊ ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ታዝዞ ነበር። መለከቱም የሚነፋው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን፥ ይኸውም በማስተስረያ ቀን ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ከእግዚአብሔር መታረቅና የሰውን ገንዘብ መመለስ በአንድ ቀን ተያይዘዋል።

ንጉሥ ዳዊትን አስቡ። ነቢዩ ናታን መጥቶ ባለጸጋው የድኻውን አንዲት በግ እንደ ወሰደበት በነገረው ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ በዕብራይስጡ ንባብ እንደሚገኘውም አራት እጥፍ ይከፍል ዘንድ ፈረደ። ፍርዱም ቅን ነበረ፤ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው ስለ አንዲቱ አራት እንዲከፍል ታዝዟልና። ነገር ግን ዳዊት ናታን እስኪነግረው ድረስ፥ የፈረደበት ሰው ራሱ እንደ ሆነ አላወቀም። ሕጉ አልጠፋበትም፤ የጠፋው የገዛ ራሱ ነው።

ዘኬዎስ ግን እንዲህ አላደረገም። ኀጢአቱን ተናዝዞ ለሚመልስ ሰው ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 5 ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጋራ እንዲከፍል ያዝዛል። እርሱ ይህን ቀላሉን ትቶ አራት እጥፍ ሲል የሌባውን ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ። እውነተኛነት ይህ ነው፤ ለባልንጀራ በሰፈሩበት ቁና ለራስም መስፈር።

እኔም ይህን የተማርሁት በዕፍረት ነው። በወጣትነቴ አንድ ባልንጀራዬ መጽሐፍ ተውሶኝ ሳይመልስ ቢቀር፥ ሰረቀኝ እያልሁ በየሰዉ ፊት አማሁት። አንድ ሌሊት ለንስሐ አባቴ የምናገረውን ሳስብ ግን፥ ከየኔታ የተዋስሁት የብራና ዳዊት ሰባት ዓመት በሣጥኔ እንደ ተቀመጠ ትዝ አለኝ። የእርሱን ስርቆት ብዬ፥ የእኔን መርሳት ብዬው ኖሯል። ይዤ ብሄድ የኔታ ዐርፈው ልጃቸው ተቀበለችኝ። እርስዋም፥ «ስለ መጽሐፉ ሲጠየቁ፥ ተማሪዬ ይጸልይበታል ይሉ ነበር» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገለጥሁትም። መጽሐፉን መለስሁ፤ የኔታን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ጊዜው አልፎብኝ ነበር። ባልንጀራዬ በሕይወት ነበረና ወደ እርሱ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ ካማሁባቸውም ሰዎች ዘንድ ቃሌን መለስሁ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ኀጢአተኛ ነኝ ብሎ በጅምላ መናገር አያሳፍርም፤ ሁሉ ይለዋልና። የሚያሳፍረው፥ የሚያድነውም፥ የሠሩትን በስሙ ጠርቶ መናገር ነው። እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንገባ ሣጥናችንን እንክፈት፤ ልባችንንም እንመርምር። የሰው ገንዘብ፥ የሰው ስም፥ ያልተከፈለ የሠራተኛ ዋጋ ቢገኝ፥ ባለቤቱ ሳያልፍ እንመልስ። ያን ጊዜ ኢዮቤልዩን በእውነት አከበርን ይባላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።