ሥራ እዚያ፣ ቤት እዚህ

አንደኛ አቅራቢ፦ ጠዋት ሚዛን አማን መናኸሪያ ብትሄዱ፣ ረዳቱ «ሸኮ! ቴፒ!» እያለ ሲጣራ መምህሩ ደብተሩን፣ ነርሷ ጋውኗን ይዘው መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ምነው ሥራቸው ካለበት ቢኖሩ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የት ይኑሩ እህቴ? በትንሽ ከተማ የሚከራይ ቤት እንደልብ አይገኝም። የባለቤት ሥራና የልጆች ትምህርትም አለ።

አንደኛ አቅራቢ፦ በ2014 ዓ.ም. ክልላችን፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ ሲመሠረትም መቀመጫው ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለፍትሐዊነት መልካም ነው፤ አራቱም ከተሞች ድርሻ አገኙ። ግን ሠራተኛን በደብዳቤ ማዛወር ይቻላል፤ ትዳርና ጎጆ በደብዳቤ አይዛወርም።

አንደኛ አቅራቢ፦ በበቃ ቡና እርሻስ? ሠራተኛው ካምፕ ውስጥ ይኖር የለ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ መንገዱን ያሳጥራል። የካምፕ ቤት ግን ከሥራ ጋር መጥቶ ከሥራ ጋር ይሄዳል፤ እንጀራው ሲቋረጥ ጣሪያውም ይቀራል።

አንደኛ አቅራቢ፦ አዲስ አበባስ ብትል? ኮንዶሚኒየሙ ኮዬ ፈጬ፣ ሥራው መርካቶና ፒያሳ! ዕጣ የወጣለት ደስታውን ሳይጨርስ የታክሲ ሰልፍ ያዘ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እዚያ ቤቱ ከሥራው ራቀ፤ እኛ ጋ ሥራው ቤት ሳይሠራለት መጣ። መፍትሔው ቢሮ ሲከፈት ለሠራተኛ መኖሪያና ሰርቪስ አብሮ በጀት መያዝ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሸኮ ቦታ ያላችሁ ወገኖቻችንም፣ ዘንድሮ የቡናው ገንዘብ ሲገባ ሁለት የኪራይ ክፍል ጨምሩ። መምህሩም እናንተ ዘንድ ይኖራል፣ እናንተም ትጠቀማላችሁ።