የትምህርት ቤት ስታዲየም በማን ገንዘብ ይሠራል?

(በጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ለአባላት ያሰሙት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን ተነስተው «ለመምህር ደመወዝ አነሰ እየተባለ፣ ይኼ ሁሉ ስታዲየም በምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ለት መልስ አልነበረንም። ጠይቀን የደረስንበትን ዛሬ እናቀርባለን።

በቴክሳስ የትምህርት ዲስትሪክት ከቤትና ከመሬት የሚሰበስበው ግብር ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ለደመወዝና ለዕለት ሥራ ነው። ሁለተኛው ለዕዳ መክፈያ ብቻ ነው። ትልልቅ ስታዲየሞች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በቦንድ፣ ማለትም በብድር ነው። ብድሩም ከነወለዱ የሚከፈለው ከሁለተኛው ኪስ ነው። ከዚያ አንስቶ ለመምህር መክፈል በሕግ አይቻልም። ቦንዱ ግን ሕዝብ ድምፅ ሳይሰጥበት አይወጣም። እንግዲህ ቁልፉ ያለው እኛው እጅ ነው ማለት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ብዙም የማትርቀን የአለን ከተማ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2009 የ119 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ከዚሁ 60 ሚሊዮን ያህሉ 18,000 ሰው ለሚይዝ ስታዲየም ዋለ። በ2012 ተከፈተ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ተዘጋ። በ2015 ተጠግኖ ተከፈተ፤ የጥገናውን ወጪ የቻሉት ነዳፊውና ሥራ ተቋራጩ ናቸው። ሂዩስተን አጠገብ ባለችው ኬቲ ደግሞ ሕዝቡ በ2013 ስታዲየም ያለበትን ቦንድ እምቢ አለ፤ በ2014 ስታዲየሙ አነስ ብሎ በሌላ ቦንድ ሲመጣ ተቀበለ።

ሁሉም የየራሱን አይሠራም። እዚህ ጋርላንድ ሰባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁለት ስታዲየም በፈረቃ ሲጠቀሙ ኖረዋል።

ድሮ ስታዲየሙ ከመማሪያ ክፍሉ ጋር በአንድ ጥያቄ ተጠቅልሎ ይቀርብ ነበር። በ2019 በወጣው ሕግ ግን ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ ክፍሉን ደግፎ ስታዲየሙን መቃወም፣ ወይም ሁለቱንም መደገፍ ይቻላል።

«ተከራይ ነን፣ አይመለከተንም» አትበሉ። ባለቤቱ ግብር ሲጨመርበት ኪራይ ላይ ነው የሚያወጣው። ዜግነት ያላችሁ ከምርጫው 30 ቀን በፊት ተመዝገቡ። ማኅበሩ ደግፉ ወይም ተቃወሙ አይልም፤ አንብባችሁ ምረጡ ነው የሚለው። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።

አንድ የራሳችን ጉዳይም አለ። አምና በመስቀል ሰሞን ለልጆቻችን ግጥሚያ የትምህርት ቤት ሜዳ ለመከራየት ተስማምተን፣ የኢንሹራንስ ወረቀት በጊዜው ሳናቀርብ ቀረን። ልጆቹ ማልያቸውን እንደለበሱ ከበር ተመለሱ። ጥፋቱ የኛ የኮሚቴው ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘንድሮ ለኪራይና ለኢንሹራንስ የሚሆን ገንዘብ ከወርሃዊ መዋጮው ላይ ከወዲሁ እንዲቀመጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ተወያይተን እንወስን።