ልጅዎ ስለ ካናቢስ ቢጠይቅዎ

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። የምኖረው ሻሸመኔ ነው።

አንድ ማታ ሌሎቹ ሲወጡ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ። በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ነው። ወረቀቱ እሳቸው ሀሁ የተለማመዱበት ነበር።

«መምህር፣ ከልጄ ጃኬት ኪስ አገኘሁት። የሆድ መድኃኒት ነው እንዴ?» አሉኝ።

አሸተትኩት። ካናቢስ ነው። ሐሺሽ የሚሉት አሉ፤ ወጣቶቹ ጋንጃ ይሉታል። ዕፀ ፋሪስ የሚለውም አለ፤ ነገር ግን አስተናግርንም በዚሁ ስም የሚጠሩ ስላሉ እኔ ካናቢስ ማለቱን መርጫለሁ። እኒህ እናት ያንን ይዘው በገበያ መሐል፣ ፖሊስ በቆመበት በኩል አልፈው መጥተዋል! እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ምን እንዳስደነገጠኝ አልገባቸውም። ወስደን ሽንት ቤት ጣልነው።

በማግስቱ ልጁን አስጠራሁት። 17 ዓመቱ ነው፤ ድሮ ተማሪዬ ነበር። ክልክል መሆኑን ስነግረው እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ጫት በአደባባይ ይሸጣል። አረቄ በየቤቱ ይወጣል። ይሄ ቅጠል ብቻ ምን አደረገ? ራስታዎቹስ ያጨሱ የለም ወይ? በውጭ አገርም ተፈቅዷል።»

«ክልክል ነው አልኩህ፣ በቃ!» ብዬ ጮኽኩበት። ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሸሸኝ ጀመር። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁ ጠየቀኝ፤ እኔ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 525፣ አደንዛዥ ዕፅ ያለ ፈቃድ መትከልን፣ ማዘጋጀትንና መሸጥን ይከለክላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚጠቀምም ይታሰራል። ብዙ ወላጆች «ልጄ ገና 18 አልሞላውም፣ ይለቁታል» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ሕጉ ለብቻው የሚያየው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ነው። 15 ዓመት ያለፈው እንደ ትልቅ ሰው ይከሰሳል። 18 ያልሞላው ከሆነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ክሱ ግን አይቀርም።

የጫቱ ጥያቄ ከባድ ነው። ጫትም አረቄም ሰው ይጎዳሉ፤ ይህን ለልጅ መካድ አይገባም። ካናቢስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በወጣው የዓለም የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ውስጥ አለ፤ ጫት የለበትም። አገራችንም ስምምነቱን ተቀብላለች። ጫትን ደግሞ ገበሬው ያመርተዋል፣ መንግሥት ቀረጥ ይሰበስብበታል፣ ወደ ውጭ ተልኮ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። እንግዲህ ሕጉ የተለካው በጉዳት ብቻ አይደለም። ልጁ ይህን ማየቱ ትክክል ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ፖሊስ ሲይዘው ይህ ክርክር አያስፈታውም።

ራስ ተፈሪያውያንንም እናንሣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓ.ም. እዚህ መሬት የሰጡት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች ነው። ለራስ ተፈሪያውያን ቅጠሉ የእምነት ነገር ነው። ሆኖም ሕጉ ለእነሱም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም።

ካናዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ፈቅዳለች፤ እውነት ነው። እዚያም ቢሆን 18 ዓመት ላልሞላው መሸጥ ክልክል ነው። ለምን? የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ነው። ቅጠሉ ማስታወስን ያዳክማል። በልጅነት ጀምሮ አብዝቶ የሚያጨስ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እስከ መስማት ለሚያደርስ የአእምሮ ሕመም የበለጠ ይጋለጣል። ከሚያጨሱት ከ10 አንዱ ያህል ሱስ ይይዘዋል፤ በልጅነት ከጀመሩት ግን ከ6 አንዱ።

ይህን ሁሉ ይዤ ልጁን ሻይ ቤት ጋበዝኩት። መጀመሪያ ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅሁ። ብዙ ተከራከረኝ። ስለ ካናዳው ስነግረው ግን ዝም አለ፤ ለካ ዕድሜውን አልሰማም ነበር። «በ15 ዓመት ይከሰሳል ያልከው እውነት ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

እተዋለሁ አላለኝም። እኔም አላስማልኩትም። አሁን ግን መንገድ ላይ ሲያየኝ ቆም ብሎ ሰላም ይለኛል። እናቱም ኪሱን መፈተሽ ትተው፣ ማታ ሲገባ ቡና አፍልተው የት እንደዋለ ይጠይቁታል። አንዳንድ ቀን ይመልስላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቡናውን ብቻ ጠጥቶ ይተኛል።