የኳስ ተጫዋቾች ማኅበርና የሥራ ነፃነት



እግር ኳስ ለተመልካቹ ጨዋታ ነው፤ ለባለሙያው ተጫዋች ግን እንጀራ ነው። ይህ ልዩነት ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ ስለ ኖረ፥ ተጫዋቹ ስለ መብቱ ባነሣ ቁጥር «ለሚወደው ጨዋታ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሻል?» ይባል ነበር። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ለማንኛውም የሙያ ማኅበር ትምህርት ስለሚሆን፥ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊወሳ የሚገባው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የእንግሊዝ ተጫዋች በሁለት ሰንሰለት ታስሮ ነበር። አንደኛው፥ ከ1901 ጀምሮ የሳምንት ደመወዙ ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ ነው። ሁለተኛው የዝውውር ደንብ ነው፤ ይኸውም የተጫዋቹ የሥራ ውል ቢያልቅም እንኳ ክለቡ ምዝገባውን ይዞ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ክለቡ ካልፈቀደለት በቀር ለሌላ የሊግ ክለብ መጫወት አይችልም። የመጀመሪያው ሰንሰለት ኪሱን ሲያጠብ፥ ሁለተኛው ሰውየውን ራሱን የክለብ ንብረት አደረገው።

በ1907 የማንቸስተር ዩናይትዱ ተጫዋች ቶማስ ብላክስቶክ በተጠባባቂዎች ግጥሚያ ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ ቤተሰቡም ካሣ አላገኘም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የክለቡ ባልደረቦች ቢሊ ሜሬዲዝና ቻርሊ ሮበርትስ ከሌሎች ጋር በማንቸስተር ኢምፔሪያል ሆቴል ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። በ1909 ፌዴሬሽኑ «ወይ ማኅበሩን ልቀቁ፥ ወይ ከጨዋታ ትታገዳላችሁ» ሲል አብዛኛው ተጫዋች ሸሸ። የማንቸስተር ዩናይትድ ልጆች ግን ጸኑ፤ «የተባረሩት የእግር ኳስ ክለብ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። በመጨረሻ ማኅበሩ ዕውቅና አገኘ፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች ግን አልተፈቱም። በ1912 ሄርበርት ኪንጋቢ የዝውውሩን ደንብ በመቃወም ያቀረበውን ክስ ማኅበሩ ደግፎ ተረታ፤ የዳኝነቱም ወጪ ካዝናውን አራቆተው።

የደመወዙ ጣሪያ ቀስ እያለ ከፍ ቢልም በ1958 ከ20 ፓውንድ አላለፈም። በ1957 የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት የያዘው የፉልሃሙ ተጫዋች ጂሚ ሂል አባላቱን በለንደን፥ በበርሚንግሃምና በማንቸስተር እየሰበሰበ ስለ ሥራ ማቆም አድማ አመከረ። የማንቸስተሩ ስብሰባ እስከ ዛሬ ይነገራል። አንድ ወጣት ተጫዋች ተነሥቶ፥ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የሆነው አባቱ ከእርሱ ያነሰ ደመወዝ እንደሚያገኝ በመግለጽ አድማውን ተቃወመ። የቦልተኑ ተከላካይ ቶሚ ባንክስም፥ አባትየው በሠላሳ ሺህ ተመልካች ፊት ስታንሊ ማቲውስን ለመግታት ፈቃደኛ ከሆነ ቦታ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ መለሰለት። የአንዱ ደመወዝ ማነስ ለሌላው ደመወዝ ልክ ሊሆን እንደማይገባ በዚያች መልስ ታወቀ። አድማው ለጃንዋሪ 21 ቀን 1961 ተቆርጦ ሳለ፥ ሦስት ቀን ሲቀረው ሊጉ የደመወዙን ጣሪያ ለማንሣት ተስማማ። ብዙም ሳይቆይ ፉልሃም ለጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ መክፈል ጀመረ።

ሁለተኛው ሰንሰለት ግን ገና ነበር። ጆርጅ ኢስትሃም በ1960 ከኒውካስል ዩናይትድ ለመልቀቅ ቢጠይቅ ክለቡ ከለከለው፤ እርሱም ለወራት ኳስ ትቶ በሌላ ሥራ ተዳደረ። በዚያው ዓመት ክለቡ በ47,500 ፓውንድ ለአርሰናል ሸጠው። እነሆ፥ የተመኘውን አግኝቷልና ነገሩን መተው ይችል ነበር። አልተወም። ማኅበሩ ከጎኑ ቆሞ ክሱን ገፋበት፤ በ1963 ዳኛ ዊልበርፎርስ ደንቡ አላግባብ የሥራን ነፃነት የሚገድብ ነው ሲሉ ፈረዱ። ኪንጋቢ ከተረታ ከ51 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከፍርዱ ይበልጥ የተጠቀሙት ኢስትሃም ያላያቸው፥ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። በ1978 ውሉ ያለቀ ተጫዋች ክለብ የመለወጥ መብት ተረጋገጠለት፤ በ1995ም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፥ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ውሉን የጨረሰ የኅብረቱ ዜጋ ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል የማኅበርን ጥቅም በሚገባ ይገልጻል። ነገር ግን ሎሚው ከተከፋፈለ በኋላ የሚመጣ ፈተና አለ። ዛሬ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ባለ ጸጎች ናቸው፤ ያለ ማኅበር ድጋፍም ውላቸውን መዋዋል ይችላሉ። ሥራውን የጨረሰው ሽማግሌስ? የቀድሞው የዌስት ብሮምዊች አልቢዮን አጥቂ ጄፍ አስል በ2002 ሲያርፍ፥ የአሟሟቱ መርማሪ ሞቱን በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ብሎ መዘገበው፤ ኳስ በጭንቅላት መምታት አንጎሉን ጎድቶት ነበርና። በ2019 የወጣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናትም፥ በስኮትላንድ የቀድሞ ባለሙያ ተጫዋቾች በአንጎል መመንመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አመለከተ።

የብላክስቶክ ቤተሰብ ጥያቄ ስለዚህ አልተዘጋም። ማኅበር የሚለካው ለኮከቡ ባስገኘው ገንዘብ ብቻ አይደለም። መዋጮ መክፈል ላቆመው፥ ያገባውን ግብ እንኳ ለማያስታውሰው ሽማግሌ በሚያደርገውም ይለካል። ሜሬዲዝና ሮበርትስ ማኅበሩን ሲያቆሙ፥ ኢስትሃምም ክሱን ሲገፋ፥ ያሰቡት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም።