ከሩቅ ስለሚያሠራ መነጽርና ስለ ነፋስ መውጫ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጋይንትን ነገር ባነሣሁ ቁጥር እንደምትስቁብኝ ዐውቃለሁ። ዛሬ ግን አርእስቱ ራሱ ወደዚያ ይወስደኛልና ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሠራተኛ መነጽር ያደርጋል። በመነጽሩ ላይ ትንሽ ካሜራ፣ በጆሮው ማዳመጫ፣ በዓይኑ ፊት ደግሞ ጥፍር የምታህል መስኮት አለች። ሠራተኛው የሚያየውን ሁሉ በሌላ ከተማ የተቀመጠ ባለሙያ በኢንተርኔት አማካይነት ያያል። ባለሙያው በበኩሉ ቀስት ቢሥል ሠራተኛው ያንኑ ቀስት በዓይኑ ፊት ያገኘዋል፤ «ይኸኛውን ብሎን ፍታ፤ ያንን አትንካ» ይለዋል። ሁለቱም እጆቹ ነጻ ናቸው፤ ከስልክ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሙከራ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ሸጠ፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 ከዚያ የላቀውን በ3,500 ዶላር አወጣ።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰባት ጊዜ ሆስፒታልዋ ተዘርፎ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሕክምና መሣሪያ ማግኘት አንድ ችግር ነው፤ የተገኘው ሲበላሽ ማስጠገን ደግሞ ሌላ።

ስሙን በማልጠራው በአንድ የጤና ተቋም ውስጥ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው መሣሪያ ቆሞ አየሁ። የጥገናው ሠራተኛ ካቻቢቴውን በእጁ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ ከባሕር ዳር የሚነግረውን ሰው ያዳምጣል።

«የትኛውን ቱቦ?»

«ነጩን።»

ሦስቱም ነጭ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ወደቀና መስመሩ ተቋረጠ። ያን ቀን መነጽሩ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአንዲት ቀስት ባለቀ ነበር። ስለዚህ የመነጽሩ ጠላት አድርጋችሁ አትቊጠሩኝ።

ነገር ግን እዚያው ላይ ሌላ ነገር አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጋይንት ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እዚያ በደንብ የሚሠራው መሣሪያ እዚህ የኦክስጅኑ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ይህን ካሜራ አያሳይም። ለባሕር ዳሩ ባለሙያ ሊነግረው የሚችለው ከመሣሪያው ጋር በየቀኑ የሚውለው ሰው ነው፤ ይኸውም «እሺ» ብቻ ማለትን ያልለመደ እንደሆነ!

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልምጣ። ከነፋስ መውጫ በስተ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ነው። ከነዚያም ብዙዎቹ መድፍ መሥራት አያውቁም ነበር፤ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ ተማሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አልፎ በሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መቅደላ ወደቀ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት ምድጃ ጠፋ። የጎተቱት እጆች የእኛ ነበሩ፤ ዕውቀቱ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ።

መነጽሩ ባለሙያን በቅጽበት ያመጣል፤ በቅጽበትም ይወስደዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 መነጽሩን መሸጥ አቆመ፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 የራሱን መሥራት ተወ። በአማራ ክልልም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ቢኖር ኖሮ በዓይኑ ላይ የቀረለት መስተዋት ብቻ ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «በሽተኛው ትንፋሽ ሲያጥረው አንተ ትምህርት ቤት ልትከፍት ነውን?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ቀስቱን ተከትሎ መፍታት ነው እንጂ ሌላ ምክር የለም። እኔ የምለው ስለ ማግስቱ ነው። የተሠራው ሁሉ በሥዕልና በድምፅ ተቀርጾ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በአማርኛ ስም ተሰጥቶት እዚያው ሆስፒታል ይቀመጥ። ያው ብልሽት ዳግመኛ ሲመጣ ሠራተኛው ራሱ ይፍታው፤ ባለሙያው ይመልከት፤ ካልተሳሳተ በቀር ዝም ይበል። ለአንዳንድ ባለሙያ ይህ ዝምታ ከጥገናው ሳይከብደው አይቀርም።

ለመነጽር የሚበቃ ገንዘብ የለንም። ስልክ በግንባር ላይ በላስቲክ አስሮ መሞከር ግን ይቻላል፤ እኔ በቤቴ ብስክሌት ሳስጠግን ሞክሬዋለሁ፤ ራስ ከማሳከኩ በቀር ይሠራል። በመጪው ክረምት ከኢንጂነሪንግና ከጤና ክፍል አራት ወይም አምስት ሆነን ወደ ነፋስ መውጫ ብንሄድ፣ ሁለታችን እዚህ ቀርተን ብንመራ፣ ሆስፒታሉም ቢፈቅድልን፣ ከማጣሪያ ማጽዳት ልንጀምር እንችላለን። የምትፈልጉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። ጋቢ መያዝ እንዳትረሱ።